ኦሪጅናል አኒሜ ለምን በ12 ክፍል ያልቃል? ከማንጋ የተሠራውስ የት እንደሚያቆም በምን ይታወቃል?

ጀማሪዋ ተመልካች

ሰላም ለሁላችሁ። ከማንጋ (ከጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት) የተሠሩ አኒሜዎች (የጃፓን አኒሜሽኖች) አንዳንዶቹ 500 ክፍል ይደርሳሉ፤ ሌሎቹ 12ኛው ክፍል ላይ ታሪኩ ገና ሳይሞቅ ቀጥ ይላሉ። ያለ ማንጋ በቀጥታ ለአኒሜ የተጻፉት፣ ኦሪጅናል የሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ 12፣ 13 ወይም 26 ናቸው፤ 11 የሆኑም አሉ። እነዚህ ቁጥሮች ከየት ነው የሚመጡት? ኦሪጅናል ሁሌም አጭር ነው ማለት ይቻላል? ከሁሉም በላይ ግን ማወቅ የምፈልገው አንድ አኒሜ ታሪኩን ይጨርሳል ወይስ መንገድ ላይ ያቆማል የሚለውን ሳልጀምረው የማውቅበት መንገድ ካለ ነው። የታሪኮቹን መጨረሻ ሳትነግሩኝ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

ሰማያዊ ክር

እህቴ፣ ከቁጥሩ ልጀምር። ቁጥሩን የሚወስነው በመጀመሪያ ደረጃ ታሪኩ አይደለም፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የጃፓን ጣቢያዎች ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል፤ አዳዲስ ተከታታዮች የሚጀምሩት በጃንዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁላይና በኦክቶበር ነው። እያንዳንዱ የሦስት ወር ሩብ «ኩር» ይባላል። 52 ሳምንት ለአራት ሲካፈል 13 ነው። በልዩ ፕሮግራም ምክንያት አንድ ሳምንት ከተዘለለ 12 ይቀራል። ሁለት ኩር 24 ወይም 26፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሄደው ደግሞ 50 ገደማ የሚሆነው በዚህ ስሌት ነው። ባለ 11ዎቹ ብዙዎቹ «ኖይታሚና» ከሚባለው የፉጂ ቴሌቪዥን የሌሊት ሰዓት የመጡ ናቸው። እዚያ ለአንድ ተከታታይ በተለምዶ የሚሰጠው 11 ሳምንት ስለነበር አኖሃና (2011) 11 ክፍል ሆነ፤ ሳይኮ ፓስ (2012–2013) ሁለት እጥፉን ወስዶ 22 ሆነ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አሁን ደቂቃውን አስቢው። የግማሽ ሰዓቱ ቦታ ማስታወቂያ ሲቀነስለት 24 ደቂቃ ያህል ይተርፋል። የመክፈቻው ዘፈን 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ የመዝጊያውም እንደዚያው። ለታሪኩ የሚቀረው 21 ደቂቃ ነው። 12 ክፍል ሲሆን 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ማለትም የሁለት ረጃጅም ፊልሞች ያህል። ኦሪጅናል የሚጽፍ ሰው ይህን ልክ ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። መጨረሻውን 12ኛው ክፍል ላይ ያስቀምጥና ወደ ኋላ እየተመለሰ ይከፋፍለዋል። ማዶካ ማጊካ (2011) 12 ክፍል ነው፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ የሚመጣው መታጠፊያ እዚያው ቦታ ላይ የተቀመጠው ሩብ መንገድ ስለሆነ ነው። ኢቫንጌሊየን (1995–1996)፣ ካውቦይ ቢቦፕ (1998) እና ሳሙራይ ቻምፕሉ (2004–2005) ሦስቱም 26 ናቸው። ኮድ ጊያስ 25 እና 25 ሆኖ ለሁለት ተከፍሏል።

ከማንጋ የሚሠራው ግን የሰው ታሪክ ተውሶ ነው የሚገባው። 12 ክፍል ሲሰጠው የታሪኩን አንድ ቁራጭ ቆርጦ ያሳያል። ወጪውን የሚሸፍነው «የፕሮዳክሽን ኮሚቴ» የሚባል የባለድርሻዎች ስብስብ ሲሆን የማንጋው አሳታሚ ብዙ ጊዜ አንዱ አባል ነው። ለአሳታሚው አኒሜው ቅጾቹን (የማንጋው ምዕራፎች ተሰብስበው የሚታተሙባቸውን መጻሕፍት) ከሸጠለት ሥራውን ሠርቷል፤ ታሪኩ በስክሪን ላይ አለቀ አላለቀ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። መንገድ ላይ የሚቆመው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ኦሪጅናሉ ከጀርባው የሚሸጥ መጽሐፍ ስለሌለው ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ቅጽ በቅጽ

ሰማያዊ ክር፣ የኩሩ ነገር ልክ ነው፤ ኦሪጅናል በባሕርይው አጭር ነው የሚል ስሜት እንዳይፈጥር ግን አንድ ነገር ልጨምር። የ1979ኙ ጉንዳም ኦሪጅናል ነው፤ የታቀደው ለ52 ክፍል ነበር። ተመልካቹ ጥቂት ሆነ፣ የስፖንሰሩ መጫወቻም አልሸጥ አለ፣ እና 43 ላይ ተቆረጠ። በኋላ ተወዳጅ ሲሆን በ1981 እና በ1982 በሦስት ፊልሞች ተጠቃሎ ወጣ። ከ2004 ጀምሮ የሚታየው ፕሪኪዩርም ኦሪጅናል ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ 49 ክፍል አለው፤ ከጥቂት ጊዜ በስተቀር ደግሞ በየዓመቱ በአዳዲስ ገጸ ባሕርያት ይታደሳል።

ሁለቱንም የሚያገናኛቸው መጫወቻ ነው። በየሳምንቱ የሚሸጥ ዕቃ ካለ ዓመት ሙሉ የሚሄድ ኦሪጅናል ይሠራል፤ ዕቃው ካልሄደ ደግሞ ታሪኩ መሐል ላይ ይቆረጣል። ኦሪጅናል ወደ 12 እና 13 የወረደው በሌሊት ሰዓት ለአዋቂ የሚታየው አኒሜ ከበዛ በኋላ ነው። እዚያ ገቢው የሚጠበቀው ከዲስክ ሽያጭ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከስትሪሚንግ ክፍያ ነው። ማንም አንባቢ ባልፈተነው ታሪክ ላይ ለአራት ኩር ገንዘብ የሚያወጣ ኮሚቴ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለአንድ ኩር ግን ይሞክሩታል።

ስለዚህ አንድ አኒሜ ስንት ክፍል እንደሆነ ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቂው ማን ምን ሊሸጥበት እንደተሠራ ይሁን። ኦሪጅናል መሆን አለመሆኑ ብቻውን ርዝመቱን አይነግርሽም።

ጀማሪዋ ተመልካች

በጣም አመሰግናለሁ፤ አሁን ገባኝ። ማንጋውን በተመለከተስ? 12 ክፍል ስንት ቅጽ ይሸፍናል? አንዳንዱ ቦታ «አንድ ክፍል ሦስት ምዕራፍ» ይላል፣ ሌላው «ሁለት» ይላል፣ ናሩቶ ደግሞ ለ700 ምዕራፍ 720 ክፍል አለው። የትኛውን ልያዝ?

ድርሰት አንባቢ

ምዕራፍ አትቁጠሪ፤ ቅጽ ቁጠሪ። ምክንያቱን በሁለት ሥራ ላሳይሽ።

ዴዝ ኖት ማንጋው 108 ምዕራፍ ነው። ፉልሜታል አልኬሚስትም 108 ምዕራፍ ነው። ሁለቱም እስከ መጨረሻቸው በአኒሜ ተሠርተዋል። የመጀመሪያው በ37 ክፍል አለቀ፤ ሁለተኛው፣ ብራዘርሁድ የሚባለው የ2009–2010 ሥራ፣ 64 ክፍል ፈጀ። በምዕራፍ ለሚያሰላ ሰው ይህ እንቆቅልሽ ነው። ልዩነቱ ያለው ዴዝ ኖት በየሳምንቱ በሚወጣ መጽሔት፣ ፉልሜታል በየወሩ በሚወጣ መጽሔት ላይ መታተማቸው ላይ ነው። የሳምንት ምዕራፍ 20 ገጽ ገደማ ነው፤ የወር ምዕራፍ ብዙ ጊዜ 40 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። በቅጽ ስታይው ዴዝ ኖት 12፣ ፉልሜታል 27 ነው። አሁን አካፍይው፤ 37 ለ12 ሲካፈል 3.1፣ 64 ለ27 ሲካፈል 2.4 ይሆናል። ፍሩትስ ባስኬት በ2019–2021 ሲሠራ 23 ቅጹን በ63 ክፍል ጨረሰ፤ 2.7 ማለት ነው። ሦስቱም ይቀራረባሉ።

እኔ የምይዘው ልክ ለአንድ ቅጽ ከ2.5 እስከ 3 ክፍል ነው። 12 ክፍል ከ4 እስከ 5 ቅጽ ይሄዳል፤ 24 ክፍል ከ8 እስከ 10። ገጾቹ በንግግር የታጨቁ ከሆነ፣ እንደ ዴዝ ኖት፣ ወደ 3 ይጠጋል። ዳይሬክተሩ ዝምታንና ገጽታን የሚወድ ከሆነ ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ፍሪረን በመጀመሪያው ሲዝን 60 የሳምንት ምዕራፎችን በ28 ክፍል ነው የሠራው፤ በአንድ ክፍል ሁለት ምዕራፍ ገደማ። ትንፋሽ የሚሰጥ አካሄድ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ልኩ ከዚህ በእጅጉ ካነሰ አደጋ አለ። ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ በ2019 የመጀመሪያ ሲዝኑን በ12 ክፍል 37 ምዕራፍ ሠራ፤ በአንድ ክፍል ሦስት፣ ጤናማ ፍጥነት። ማንጋው በጠቅላላ 181 ምዕራፍ ነው። በ2021 የመጣው ሁለተኛው ሲዝን የቀሩትን 144 ምዕራፎች በ11 ክፍል ሊዘጋ ተነሣ። በአንድ ክፍል 13 ምዕራፍ መሆኑ ነው! ሊሆን ስለማይችል ትልልቅ የታሪክ ክፍሎች እንዳሉ ተዘለሉ፤ አንባቢዎቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷቸው ሳይቀሩ። ይህን የመሰለ ሥራ በእንዲህ ያለ ችኮላ ሲባክን ማየት ያማል። ቁጥሩ ግን ከመጀመሪያው ክፍል በፊት ተናግሮ ነበር።

ናሩቶን በዚህ ልክ አትለኪው፤ የእርሱ ችግር ተቃራኒው ነው። የሳምንት መጽሔት በዓመት 48 እትም ገደማ ያወጣል፣ ስለዚህ ደራሲው በዓመት 48 ምዕራፍ ይጽፋል። በየሳምንቱ ያለ ዕረፍት የሚታይ አኒሜ ግን በዓመት 50 ክፍል ነው፤ በአንድ ክፍል ሦስት ምዕራፍ ቢበላ በዓመት 150 ይጨርሳል። ደራሲው የሦስት ዓመት ሥራ ቢቀድመው እንኳን በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይደረስበታል። የናሩቶ ማንጋ በ1999 ተጀመረ፣ አኒሜው በ2002። በትክክል ሦስት ዓመት። የመጀመሪያው ተከታታይ 220 ክፍል ሲሆን መጨረሻው አካባቢ ከ70 በላይ ተከታታይ ክፍሎች በማንጋው የሌሉ ሆኑ፤ ፊለር የምንላቸው።

ማንጋው ሲደረስበት ስቱዲዮው ያለው ምርጫ ጥቂት ነው። አንዱ ፊለር ነው። ሌላው ማንጓተት ነው፤ ያለፈውን ክፍል ማሳየት፣ የገጸ ባሕርያቱን ፊት አንድ በአንድ መዞር። ዋን ፒስ በኋላ ዘመኑ በአንድ ክፍል አንድ ምዕራፍ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ሦስተኛው የራስን መጨረሻ መጻፍ ነው፤ የ2003ቱ ፉልሜታል (51 ክፍል) እና ሶል ኢተር (2008–2009፣ እርሱም 51) ይህን አደረጉ፤ ሁለቱም ሲያልቁ ማንጋቸው ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር። የፉልሜታሉ በራሱ መንገድ ጠንካራ ሥራ ነው፣ ከኦሪጅናል ጎን ብናስቀምጠው አያፍርም። አራተኛው ማቆምና መጠበቅ ነው። ብሊች በ2012 በ366ኛው ክፍል ቆሞ የመጨረሻውን የታሪክ ክፍል ይዞ የተመለሰው በ2022 ነው። አሁን ብዙዎቹ ይህን ከመጀመሪያው ያቅዱታል፤ አንድ ኩር ያሳያሉ፣ አንድ ወይም ሁለት ኩር ያርፋሉ፣ ይመለሳሉ። «የተከፈለ ኩር» ሲባል ብትሰሚ ይህ ነው።

ማንጋ ያልሆነው ምንጭ ሌላ ሒሳብ አለው። ላይት ኖቬል (አጠር ያለ የወጣቶች ልብ ወለድ) ከሆነ 12 ክፍል በተለምዶ 3 ወይም 4 ቅጽ ይሸፍናል፤ ኮኖሱባ በመጀመሪያ ሲዝኑ 10 ክፍል ይዞ 2 ቅጽ ብቻ ነው የሠራው፣ ቀልዱ እንዲተነፍስ። በአንጻሩ 12 ክፍል ውስጥ 5 እና 6 ላይት ኖቬል የሚያስገባ አለ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚጠፋው የዋናው ገጸ ባሕርይ የውስጥ ሐሳብ ነው፣ ስለዚህ ሰውዬው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሳይገባን ይቀራል። ቪዥዋል ኖቬል (ተጫዋቹ እየመረጠ የሚያነበው የኮምፒውተር ጨዋታ) ደግሞ ቅርንጫፍ አለው፤ አንድ አኒሜ የሚሠራው አንዱን መንገድ ነው። ፌት ስቴይ ናይት ሦስት መንገድ ስላለው በ2006 አንድ ተከታታይ፣ በ2014–2015 ሌላ ተከታታይ፣ ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ሦስት ፊልም ሆኖ ወጣ። ባለ አራት ሣጥን አጫጭር ማንጋ ደግሞ ከምንጩ በላይ ሊረዝም ይችላል፤ ኬ-ኦን ከአራት ቅጽ ቀልድ ተነሥቶ በሁለት ሲዝን ከ36 ክፍል በላይ ሆኗል፤ ስቱዲዮው በሣጥኖቹ መካከል ያለውን ሕይወት ራሱ ስለሞላው።

ሰማያዊ ክር

ከላይ ያለውን ሒሳብ ከመጠቀምሽ በፊት አኒሜው በእርግጥ ከማንጋ የተሠራ መሆኑን አረጋግጪ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢቫንጌሊየን ማንጋ አለው፤ የወጣውም ከአኒሜው ወራት ቀድሞ በ1994 መጨረሻ ነው። አኒሜው ግን ኦሪጅናል ነው፤ ማንጋው ማስተዋወቂያ ሆኖ አብሮ የተሠራ ነው፣ ያለቀውም በ2013። ብዙ ኦሪጅናሎች እንዲህ ያለ አጃቢ ማንጋ አላቸው። «ማንጋ አለው፣ ስለዚህ ከማንጋ ነው» ማለት አያስኬድም።

ማረጋገጫው መክፈቻው ላይ ነው። ከርዕሱ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጻፈው «ገንሳኩ» የሚል ነው፤ ዋናው ድርሰት የማን ነው ማለት ነው። ከአጠገቡ የደራሲ ስምና የመጽሔት ወይም የአሳታሚ ስም ካለ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው። የስቱዲዮ ስም ብቻ ካለ ኦሪጅናል ነው። አንዳንዴ የሰው ስም ይመስላል ግን ሰው አይደለም፤ «ሀጂሜ ያታቴ» የሳንራይዝ ስቱዲዮ ሠራተኞች የጋራ የብዕር ስም ነው፣ ጉንዳምና ካውቦይ ቢቦፕ ላይ ታገኚዋለሽ። «ኢዙሚ ቶዶ» ደግሞ የቶኤይ አኒሜሽን ነው፣ ፕሪኪዩር ላይ። እነዚህን ሁለት ስሞች ስታዪ የምትፈልጊው ማንጋ የለም።

የክፍሉን ብዛት ለማወቅ ደግሞ የብሉሬይ ማስታወቂያውን እዪ። ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በሚታዩበት ሰሞን ስንት ዲስክ እንደሚወጣና በእያንዳንዱ ላይ ስንት ክፍል እንዳለ ይገለጻል። 6 ዲስክ፣ በእያንዳንዱ 2 ክፍል ከሆነ 12 ነው። ዜናው ላይ «ተከታታይ ሁለት ኩር» ከተባለ 24 እና ከዚያ በላይ ጠብቂ። በስትሪሚንግ ብቻ የሚወጣ ከሆነ የጣቢያ ሰሌዳ ስለማይገዛው ቁጥሩ ይለያያል፤ ዴቭልማን ክራይቤቢ (2018) የድሮውን ባለ 5 ቅጽ ማንጋ በ10 ክፍል ዘግቷል።

ቅጽ በቅጽ

ኦሪጅናልም ቢሆን መጨረሻው ሁሌ የተረጋገጠ አይደለም። ዋንደር ኤግ ፕራዮሪቲ (2021) ለ12 ሳምንት ነበር የተመደበው። ምርቱ ስለዘገየ 8ኛው ሳምንት ላይ ያለፈውን የሚያጠቃልል ክፍል ገባ፤ ስለዚህ ለታሪኩ 11 ብቻ ተረፈ፣ መዝጊያውም ከሦስት ወር በኋላ ልዩ ክፍል ሆኖ መጣ። ከማንጋ በሚሠራ አኒሜ እንዲህ ቢጎድል ቀሪውን አንብበሽ ትሞይዋለሽ፤ ኦሪጅናል ላይ ግን የሚነበብ የለም። ስለዚህ ገና እየታየ ባለ ኦሪጅናል መሐል ላይ የማጠቃለያ ክፍል ካየሽ ከመቀጠልሽ በፊት የመጨረሻው ክፍል ቀን መነገሩን አረጋግጪ።

ሌላው የሚያሳስተው ስርጭቱ ነው። ካውቦይ ቢቦፕ በ1998 መጀመሪያ በቲቪ ቶኪዮ ሲታይ የቀረቡት ከ26ቱ 12ቱ እና አንድ ልዩ ክፍል ብቻ ነበሩ፤ ሙሉው የታየው በኋላ በዋውዋው ጣቢያ ነው። የድሮ ዝርዝር ላይ የተለያየ ቁጥር ብታገኚ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህን የመሰለ ነው።

ጀማሪዋ ተመልካች

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ማንጋው በ18 ቅጽ ያለቀ፣ በየወሩ ይታተም የነበረ፣ አኒሜው «ተከታታይ ሁለት ኩር» የተባለ ቢሆን እንዴት ነው የማሰላው? ካቆመበትስ ማንበብ ከየት ልጀምር?

ድርሰት አንባቢ

18ን በ2.5 ብታባዢው 45፣ በ3 ደግሞ 54 ነው፤ እስከ መጨረሻው ለመሥራት ከ45 እስከ 54 ክፍል ይፈልጋል ማለት ነው። የተሰጠው 24 ነው። ግማሹን፣ 8ኛው ወይም 9ኛው ቅጽ አካባቢ ደርሶ ያቆማል። በ24 ክፍል 18ቱንም ሊዘጋ ነው ከተባለ በቅጽ 1.3 ክፍል ብቻ ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ማንጋውን አስቀድመሽ አንብቢ።

መቆሚያውን በትክክል ለማግኘት አራተኛውን ክፍል ከጨረስሽ በኋላ ማንጋውን ክፈቺና የት እንደደረሰ እዪ። አራት ክፍል አንድ ቅጽ ተኩል ከሸፈነ ፍጥነቱ በቅጽ 2.7 ነው፤ ይህ 9ኛው ቅጽ ላይ ያደርስሻል። ሁለት ቅጽ ተኩል ከሸፈነ እየዘለለ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን አይበቃም፤ ተመልካች ለመያዝ ሲባል ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ነው የሚሄደው።

ማንበብ ስትጀምሪ ደግሞ ካቆመበት ምዕራፍ አትነሺ፤ አንድ ቅጽ ወደ ኋላ ተመለሺ። 9ኛው መጨረሻ ላይ ካቆመ ከ9ኛው መጀመሪያ አንብቢ። የሲዝኑ መጨረሻ የሚያምር መዝጊያ እንዲኖረው የትዕይንቶች ቅደም ተከተል የሚለወጠው፣ ትናንሽ ገጸ ባሕርያትም የሚቆረጡት በብዛት እዚያ ነው፤ 10ኛው ቅጽ ላይ «ይህ ደግሞ ማነው?» የሚያሰኝሽ ሰው 9ኛው ውስጥ ስሙን ተናግሮ ያለፈ ይሆናል።